ፖሊና ፔዳ፤ የመምህርና የርዕሰ መምህር ሙያ ስለሚያድግበት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ከተማ፣ ሁለት የትምህርት ተቋማት በዐሥር ዓመት ልዩነት ተመሥርተዋል። የመጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው፤ ዓላማውም በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰሉት ሙያዎች የሠለጠኑ ቴክኒሺያኖችን ማፍራት ነበር። ሁለተኛው በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲሆን፣ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪዎችን፣ የትምህርት መሪዎችንና ተቆጣጣሪዎችን እንዲያሠለጥን የታሰበ ነበር። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንደኛውን ግቢ «ፖሊ»፣ ሁለተኛውን «ፔዳ» እያለ በየስማቸው ይጠራቸዋል።

አንድ መሐንዲስ «የፔዳ ጉዳይ ምን አገባኝ?» ቢል ምናልባት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ወደ ፖሊ የሚገባው ተማሪ፣ ፔዳና መሰሎቹ ያሠለጠኗቸው መምህራን ያስተማሩት ተማሪ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባውም። ክፍልፋይ ሳይገባው ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈ ልጅ ካልኩለስ ላይ ሲደርስ መቆሙ የማይቀር ነው። የኤሌክትሪክ ዑደትን በቃሉ ብቻ ያጠና ተማሪም ዲግሪ ቢይዝ እንኳ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲረከብ እጁ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ስለዚህ የመምህርና የርዕሰ መምህር ሙያ ማደግ ወይም አለማደግ የመሐንዲሶች ማኅበር ከሩቅ ቆሞ የሚመለከተው የጎረቤት ጉዳይ አይደለም።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አንድ ነው። መምህር አንድ ጊዜ ሠልጥኖ የሚያበቃ ባለሙያ አይደለም፤ ሙያውም ከሁሉ ይልቅ የሚያድገው በገዛ ክፍሉ ውስጥ፣ የሥራ ባልደረባው እያየው፣ የተማሪዎቹ መረዳት እየተመረመረ ሲሄድ ነው። ይህም እንዲሆን ጊዜውን የሚጠብቅለት ርዕሰ መምህር ያስፈልገዋል።

የጉዳዩ ክብደት

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ብሔራዊውን ፈተና በጥብቅ ቁጥጥር እንዲወስዱ ተደረገ። ውጤቱ ይፋ በሆነ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዙር ፈተና ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ፈተና 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ከ100 ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት 12 ዓመት ተምረው ከግማሽ በታች ሆኑ ማለት ነው።

የዚህን ሁሉ ጥፋት በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ቀጥሎም ጦርነት በየአካባቢው ትምህርት አቋርጧል። የመጻሕፍት እጥረት፣ የክፍሎች መጨናነቅ፣ የመምህሩ ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር አለመመጣጠን የታወቁ ናቸው። ስለ ቤት ኪራይ እያሰበ ክፍል የሚገባን መምህር ሥልጠና ብቻውን አያጽናናውም። ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ፈተናው ጉድለቱን አልፈጠረውም፤ ገለጠው እንጂ። የቦይለር ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ የግፊት መለኪያው አስደንጋጭ ቁጥር ቢያሳይ መለኪያውን መስበር ቦይለሩን ከመፈንዳት አያድነውም። መጠየቅ የሚገባው በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ፣ በየክፍሉ፣ በየዕለቱ ምን ሲሆን ቆየ የሚለው ነው።

ተመርቆ መረሳት

በኢትዮጵያ የመምህርነት ሥራ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው። በቤተ ክህነቱ ጉባኤ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ፣ በየኔታ ዓይን ሥር እያስተማረ ነበር መምህር የሚሆነው። ማስተማር የተለየ ኮርስ አልነበረም፤ ከመማሩ ጋር ተያይዞ፣ በመምህሩ ፊት እየተፈተነና እየታረመ የሚለመድ ሥራ ነበር። የተሳሳተው ተማሪ በዚያው ሰዓት ይመለሳል፤ የተመለሰውም ደግሞ ሌላውን ይመልሳል።

በ1936 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፈት አዲስ አሠራር ተጀመረ። አገሩ በጦርነት ምሁራኑን አጥቶ ነበርና ብዙ መምህራን በአጭር ጊዜ ማስፈለጋቸው አያከራክርም። አንድ ወጣት ለተወሰነ ጊዜ ይማራል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወደ ተመደበበት አውራጃ ይላካል። ከዚያ ወዲህ የሥልጠናው ርዝመትና ስያሜ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ለምሳሌ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን አስቀድሞ በአንድ የትምህርት ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ፣ ቀጥሎም አንድ ዓመት የማስተማር ሥነ ዘዴ ተምሮ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መውሰድ እንዲያስፈልግ ተደርጎ ነበር። ከለውጡ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። በደንብ ከተሠለጠነ ተመድቦ ይሠራል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል የሚል ነው።

መሐንዲሶች ይህንን አስተሳሰብ በሌላ ሥፍራ በሚገባ ያውቁታል። ፋብሪካ ይተከላል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ለጥገና የተያዘ በጀት ግን የለም። እንዲህ ያለው ማሽን ማርጀት የሚጀምረው በተመረቀበት ዕለት ነው። ሲሰበር ባለሙያ ይፈለጋል፤ ባለሙያው ሲመጣ መለዋወጫ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ግን ሰውና ማሽን የሚለያዩበትን ነጥብ ማየት ያስፈልጋል። ማሽን በሚገባ ቢጠገን ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ ከተሠራበት ቀን አይበልጥም። መምህር ግን በ20ኛው የአገልግሎት ዓመቱ ከመጀመሪያው ዓመት እጅግ የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ አንዱን ዓመት 20 ጊዜ ደጋግሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የዕድሜ ብዛት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሥራውን ያየለትና አብሮት ያሰበ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ፕላዝማው ያስተማረው ትምህርት

ለዚህ ክርክር ከመሐንዲሱ ሥራ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ምሳሌ አለ። ከ1996 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ተጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅተው፣ በአንድ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይታዩ ጀመር። ሐሳቡ በጎ ነበር። ብቃት ያለው መምህር በሌለበት የገጠር ከተማ ያለ ተማሪም በአዲስ አበባ ካለው እኩል እንዲማር የታሰበ ነበር። በምሕንድስና በኩልም ሥራው ትልቅ ነው፤ ብዙ ርቀው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንድ የሥርጭት መረብ ተያያዙ።

ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነበር። ሥርጭቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ሥርጭቱን ማቆም አይቻልም። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ ማለት ነው። በራሱ ስልት ያስተምር የነበረው መምህር ከስክሪኑ ጎን ቆሞ የሚጠብቅ ረዳት ሆነ፤ ጀማሪው መምህር ደግሞ ማስተማርን የሚለማመድበትን ሰዓት አጣ። ከጊዜ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች መሣሪያዎቹ ተበላሽተው ሥራ አቆሙ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቴሌቪዥን መጥፎ ነው የሚል አይደለም። መሐንዲሶች ስለ ቁጥጥር ሥርዓት ሲማሩ ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ውጤቱን ለክቶ ወደ መነሻው የማይመልስ ሥርዓት ራሱን ማረም አይችልም። የፕላዝማው ሥርጭት የተማሪውን ፊት አያይም ነበር። የተማሪውን ፊት አይቶ «ቆይ፣ ይህን እንደገና እንየው» የሚለው መምህሩ ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ የተነደፈው ግን ያንኑ ሰው ወደ ጎን ትቶ ነበር። ለማሰራጫውና ለመቀበያው የተደረገውን ጥንቃቄ ያህል ለመምህሩ ዝግጅት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ መሣሪያው ሲበላሽ እንኳ በክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር በኖረ ነበር።

60 ሰዓት

መምህሩን በሥራ ላይ እያለ የማሳደግ ሐሳብ በፖሊሲ ደረጃ የጠፋበት ጊዜ ነበር ማለት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ለመምህራን፣ ለትምህርት ቤት መሪዎችና ለሱፐርቫይዘሮች የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ አወጣ፤ በየትምህርት ቤቱ በአጭሩ «ተሙማ» እየተባለ የሚጠራው ነው። በማዕቀፉ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል ያውላል። አዲስ የተመደበ መምህር ለ2 ዓመት በአማካሪ መምህር ይደገፋል። ሥራው ጉድለትን በመለየት ይጀመራል፤ ከዚያ ይታቀዳል፣ ይተገበራል፣ ይገመገማል፤ ግምገማውም ለሚቀጥለው ዕቅድ መነሻ ይሆናል። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው ልምድ እንዲለዋወጡም ታስቧል።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ መሐንዲስ የሚነቅፈው ንድፍ አይደለም። የትምህርት ዘመኑ 40 ሳምንት ያህል ነው ቢባል፣ 60 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነውና የማይቻል ነገር አልተጠየቀም። ችግሩ የሚጀምረው ሰዓቱ በምን እንደሚቆጠር ሲጠየቅ ነው። መምህሩ ተሙማውን ስለ መሥራቱ ማስረጃው ማኅደሩ ነው። በማኅደሩ ውስጥ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ይቀመጣል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ማኅደሩን ነው። ስለሆነም በብዙ ቦታ ማኅደሩ እየወፈረ ክፍሉ ግን እንደነበረ ይቀራል። የዓመቱ 60 ሰዓት በግንቦት ወር መጨረሻ በሁለት ሌሊት ተጽፎ ሲያልቅ ያዩ መምህራን ጥቂቶች አይደሉም።

ጥፋቱ የመምህራኑ ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የሚለካው ነገር ወረቀት ከሆነ የሚመረተውም ወረቀት ነው። የተሰጠው ሥልጠና ብዛት፣ የተሳታፊው ቁጥር፣ የተሞላው ቅጽ ሁሉ ወደ ሥርዓቱ የገባውን ይናገራሉ፤ ተማሪው ከትናንት የተሻለ ተረድቶ እንደሆነ ግን አይናገሩም። የነዳጁን ሊትር እየቆጠረ ጄነሬተሩ መብራት ይስጥ አይስጥ የማይጠይቅ ኃላፊ ቢኖር መሐንዲሶች ይስቁበት ነበር።

አንዲት አምፑልና ስድስት መምህራን

እንግዲህ በገዛ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ የሙያ ማሻሻያ ምን ይመስላል? አንድ የፊዚክስ ትምህርት እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል።

ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሲማሩ ብዙ ተማሪዎች ኮረንቲ በአምፑሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚያልቅ ወይም የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ሁለት አምፑሎች በአንድ መሥመር ተከታትለው ቢያያዙ፣ ለባትሪው የቀረበው ይበልጥ ይበራል፣ የሁለተኛው ደብዘዝ ይላል ብለው ይጠብቃሉ። ይህ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የታየ የተማሪዎች ግምት ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ግምቱ ስሕተት መሆኑን ያውቃል፤ ተማሪው እንዲህ ብሎ እንደሚያስብ ግን ላያውቅ ይችላል። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 አጥብቆ ያሳየው ይህንኑ ልዩነት ነው። አንድን የትምህርት ዓይነት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ትምህርት ተማሪው በምን በኩል እንደሚስተውና በምን ምሳሌ እንደሚገባው ማወቅ ሌላ ዕውቀት ነው። ይህ ሁለተኛው ዕውቀት የመምህሩ የብቻው ሙያ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ስድስት የሳይንስ መምህራን ይህንን አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ እንበል። ተማሪዎቹ አምፑሎቹ ከመብራታቸው በፊት ግምታቸውን በደብተራቸው እንዲጽፉ ይወስናሉ። ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ አምፑሎች ያዘጋጃሉ። ከመካከላቸው አንዷ ታስተምራለች፤ አምስቱ በየጥጉ ተቀምጠው የሚመለከቱት ግን መምህርቷን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው። ማን ምን ጻፈ? አምፑሎቹ እኩል ሲበሩ ማን ተገረመ? ማን ደግሞ አንደኛው አምፑል «ተበላሽቷል» ብሎ ግምቱን ለማዳን ሞከረ? ከክፍለ ጊዜው በኋላ ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው የጻፉትን ያስተያያሉ። ምናልባት ከተማሪዎቹ ግማሹ «እኩል የበሩት ኮረንቲው እኩል ስለ ተካፈለ ነው» ብለው፣ ትክክለኛውን ነገር አይተው የተሳሳተ ምክንያት ይዘው እንደ ወጡ ያስተውላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው መምህር በሌላ ክፍል ሲያስተምር፣ በዑደቱ ሦስት ቦታዎች ላይ አሜትር እያስገባ ኮረንቲው በየትም ቦታ እኩል መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያነቡ ያደርጋል። የታየው ጉድለት በሳምንቱ ታረመ ማለት ነው።

ይህ አሠራር በጃፓን «ጁግዮ ኬንኪዩ» ይባላል፤ የማስተማር ጥናት እንደ ማለት ነው። ሥሩ እስከ ሜይጂ ዘመን ይደርሳል። ጄምስ ስቲግለርና ጄምስ ሂበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ከጃፓን ውጭ በሰፊው እንዲታወቅ አድርገውታል። ከካይዘን ጋር ያለውን ዝምድና መሐንዲስ በቀላሉ ያየዋል። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካው የተሰበከው፣ ማሻሻያ ከላይ በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ሥራውን በሚሠሩት ሰዎች ትንንሽ እርምጃ ይገኛል የሚል ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ የታመነው ነገር ለመምህር የማይታመንበት ምክንያት የለም።

በአፍሪካም ተሞክሯል። ከጃፓን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1998 በኬንያ የተጀመረው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክት መምህራን በአካባቢያቸው ከሚገኝ ቁሳቁስ ሙከራ እንዲያዘጋጁ፣ እያቀዱ፣ እየሠሩ፣ እያዩና እያሻሻሉ እንዲሄዱ ያሠለጥን ነበር። ተመሳሳይ ፕሮጀክት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በኢትዮጵያም ተካሂዷል። ፕሮጀክት ግን ያልቃል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራው እንዳያልቅ የሚያደርገው በየትምህርት ቤቱ የሚቀረው ሰው ነው።

ርዕሰ መምህር የሚለው ስም

ያ ሰው ርዕሰ መምህሩ ነው። ስሙን ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቀድሞ «ዲሬክተር» ይባል ነበር፤ በኋላ የጸናው ስም ግን የቢሮ ሹም አይለውም፤ የመምህራን ራስ ይለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መምህር ነው ማለት ነው።

የዕለት ሥራው ግን ለስሙ አይመችም። ጧት የውሃ ቧንቧ መፍሰሱ ይነገረዋል፤ ረፋድ ላይ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቸኳይ ሪፖርት ይጠየቃል፤ ከሰዓት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ይጠብቀዋል። በመሐል የተሰበሩ ወንበሮች፣ የቀሩ መምህራን፣ የተጣሉ ተማሪዎች አሉ። ብዙ ርዕሳነ መምህራን በክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ እየሄዱ በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወስደዋል፤ ስለ ትምህርታዊ አመራርም በሚገባ ተምረዋል። በመስከረም ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ግን ያው ጠረጴዛና ያው ቧንቧ ነው። መምህሩ ከሥልጠና ሲመለስ የሚገጥመው ዕጣ ለእርሳቸውም አይቀርላቸውም።

እንዲህም ሆኖ አንድ ርዕሰ መምህር ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ፤ ጊዜውን በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ማስፈር ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ሰዓት ከማስተማር ነፃ እንዲሆኑ መደልደል ይቻላል። «ጊዜ ስታገኙ ተገናኙ» የተባለ ሥራ ጊዜ አያገኝም። በድልድሉ ላይ የተጻፈ ሰዓት ግን ሌላ ስብሰባ እንዳይወስደው ርዕሰ መምህሩ ሊከላከልለት ይችላል።

2ኛ፤ ሌላውን ከማየቱ በፊት ራሱ መታየት ነው። ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ጠመኔ ይዞ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምር፣ ጀማሪ መምህራን ከኋላ ተቀምጠው ቢመለከቱት፣ ከዚያም «ምን ጎደለ?» ብሎ ቢጠይቃቸውና ቢሰማቸው፣ ብዙ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል። መታየት ውርደት አለመሆኑ በተግባር ይታወቃል።

3ኛ፤ ምልከታን ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ መለየት ነው። ይህ ከሦስቱ እጅግ አስቸጋሪውና እጅግ አስፈላጊው ነው። የመምህሩ የደረጃ ዕድገት፣ ከጀማሪ መምህርነት እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት ያለው ሁሉ፣ ከአፈጻጸም ውጤት ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሉን የሚያይ ሰው ነጥብ ሰጪው ከሆነ፣ መምህሩ ያን ዕለት የሚያስተምረው አስቀድሞ የተለማመደውን ትምህርት ይሆናል። ጎበዝ ተማሪዎች እጃቸውን ያወጣሉ፤ ያልገባቸው ይደበቃሉ። የተለኪው ደመወዝ በንባቡ ላይ ከተንጠለጠለ ንባቡ መዛባቱ የማይቀር ነው። በየዘመኑ የተቆጣጣሪው ስም ኢንስፔክተር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ደግሞም ኢንስፔክተር እየተባለ መለዋወጡ ነገሩን ያልፈታው፣ ስሙ ሲለወጥ መምህሩ በእርሱ ፊት የሚሰማው ፍርሃት ስላልተለወጠ ነው። ግምገማ አይኑር ማለት አይደለም፤ የግምገማው ቀንና የመማማሪያው ቀን ግን ይለያዩ።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከዚህ በመነሣት የምሕንድስና ባለሙያው ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱ የመምህሩን ሥራ ተክቶ መሥራት ወይም በዓመት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ ስለ ሳይንስ ጥቅም ንግግር ማድረግ አይደለም።

በክረምት ወራት ወርክሾፖችንና ላቦራቶሪዎችን ለአካባቢው የፊዚክስ፣ የሒሳብና የቴክኒክ መምህራን መክፈት ይቻላል። ስለ ትራንስፎርመር ለዓመታት ሲያስተምር ተከፍቶ ያላየ መምህር፣ አንድ ቀን ተከፍቶ ቢያይ በክፍሉ ውስጥ የሚለው ይለወጣል። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ከሣጥናቸው ያልወጡ ወይም በአንዲት ፊውዝ ምክንያት የቆሙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች አሉ፤ እነርሱን ከመምህሩ ጋር አብሮ መጠገን፣ መጠገኑንም ለመምህሩ ማሳየት አነስተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። መሐንዲሱ ከላይ እንደ ተጠቀሰው ባለ ትምህርት ላይ ከተመልካቾቹ አንዱ ሆኖ ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ ደግሞ የሚማረው እርሱ ራሱ ይሆናል። ተማሪ እንዴት እንደሚስት የገባው መሐንዲስ፣ ነገ በሥሩ ለሚመደበው ወጣት ባለሙያ የተሻለ አለቃ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በራሱ ሙያ የሚጠየቅበት አንድ ነገር አለ። ወደ ትምህርት ቤት የሚገባ ማናቸውም ቴክኖሎጂ፣ ኮምፒዩተር ይሁን ዲጂታል ሰሌዳ ወይም ታብሌት፣ በመሐንዲስ እጅ ያልፋል። ዝርዝሩን የሚጽፈው፣ ጨረታውን የሚገመግመው፣ ርክክቡን የሚፈርመው እርሱ ነው። በዚያ ሰነድ ውስጥ ለኬብልና ለመለዋወጫ ገንዘብ እንደሚያዝ ሁሉ፣ መሣሪያውን የሚጠቀምበት መምህር የሚለማመድበት ጊዜና ገንዘብ መያዙን መጠየቅ፣ ንድፉም ከማለቁ በፊት መምህራኑን ማማከር ግዴታው ሊሆን ይገባል። ይህ ካልሆነ የፕላዝማው ታሪክ በአዲስ መሣሪያ ይደገማል፤ በዚያን ጊዜም ጥፋቱ የመምህሩ ነው ማለት አይቻልም።

ክቡራን፤

በባሕር ዳር ፖሊና ፔዳ በሕግ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል። በሥራ አንድ መሆናቸው ግን በሕግ አይፈጸምም። ያችን ሁለት አምፑል የያዘችው መምህርት፣ አብረዋት የሚያስቡ አምስት ባልደረቦች፣ ሰዓቷን የሚጠብቅላት ርዕሰ መምህርና አሜትሩን ጠግኖ የሚያመጣላት መሐንዲስ ቢኖራት፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የምታስተምረው ትምህርት ይለወጣል። ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነገ በዚህ አዳራሽ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። እርሱ ዛሬ ሳይገባው ቢያልፍ፣ ጉድለቱ ለማኅበሩ አባላት የሚደርሳቸው ከዓመታት በኋላ፣ በተሰነጠቀ ድልድይና በቆመ ተርባይን በኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለመጠገን የሚጠይቀው ዋጋ ዛሬ ከሚጠየቀው የአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ እጅግ የበዛ ነው።